ባለበት ሁኔታ የተሸጠው ማድጋ

ሽባባው ጡረታ የወጣ ቀን በረዶ ጣለ። ሐምሌ መግቢያ ላይ ነበር። ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ጠቁሮ ሲያጉረመርም ቆየና ልክ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ለስንብት ንግግር ሲነሣ፣ ገልባጭ መኪና ጠጠር የሚያራግፍ ይመስል አዳራሹ ቆርቆሮ ላይ ወረደ። የሰውዬው አፍ ይንቀሳቀሳል፤ የሚሰማ ነገር ግን የለም። የባሌ የሠላሳ አራት ዓመት አገልግሎት የተመሰገነው በእጅ ምልክት ነው። ሰው ሲያጨበጭብ እኛም አጨበጨብን። አንድ ብርድ ልብስና አንድ ፔርሙዝ ሸለሙት፤ ብርድ ልብሱን ለሁለት ተከናንበን ወደ ቤት ሮጥን። ፔርሙዙ ሙቀት እንደማይዝ ያወቅነው በማግስቱ ነው።

ሽባባው የጎጃም ሰው ነው። ቡታጅራ የመጣው ገና በሃያዎቹ ዕድሜው፣ ለአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ግምጃ ቤት ጠባቂ ሆኖ ተመድቦ ነው። እኔ የቡኢ ልጅ ነኝ። ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ የአክስቴን ሱቅ ልጠብቅ ቡታጅራ መጣሁ፤ እሱ ሳሙና ሊገዛ መጣ፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ይኸው። በነጋዴ አገር መሀል ይህን ሁሉ ዘመን ኖሮ አንዲት ክብሪት ሸጦ የማያውቅ ሰው ነበር። "እኔ የማስረክብ እንጂ የምሸጥ ሰው አይደለሁም" ይላል። ዕቃ ይቀበላል፣ ቁጥር ይጽፍበታል፣ ይደረድራል፣ በፊርማ ያስረክባል። አንድ ሕግ አለው፦ መጀመሪያ የገባ መጀመሪያ ይወጣል። ሽንኩርት ስልጥ እንኳ አጠገቤ ቆሞ "ይሄ የትናንቱ ነው የዛሬው?" ብሎ ይጠይቀኛል።

ጡረታ በወጣ በሳምንቱ ማድ ቤቴ ገባ። ድስቶቼን በቁመታቸው ደረደራቸው። በነጭ ቀለም ቁጥር ጻፈባቸው። "የሰባት ቁጥርን ክዳን የት አደረግሽው?" ይለኝ ጀመር። ወጥ እየሠራሁ ኦዲት የተደረግሁ ያህል ስለተሰማኝ አዲስ አበባ ለምትሠራው ልጃችን ለኑኃሚን ደወልኩ።

"ለአባትሽ የሚሠራው ነገር ፈልጊለት" አልኳት። "አለበለዚያ ጡረታ የምወጣው እኔ ነኝ።"

ስትመጣ ዘመናዊ ስልክ ይዛለት መጣች። ቴሌግራም ላይ ቻናል ከፍታለት ያገለገሉ ዕቃዎች ገዝቶ እንዴት እንደሚሸጥ ሁለት ቀን ቁጭ ብላ አስተማረችው። የመጀመሪያ ዕቃው ፔርሙዙ ነበር። በአንድ ጣቱ ሲለቅም አምሽቶ የጻፈውን አሳየኝ፦ "ፔርሙዝ። አዲስ። ሙቀት አይዝም። ቀዝቃዛ ውሃ ለሚጠጣ ሰው ይሆናል። ዕቃው ባለበት ሁኔታ ይሸጣል።"

"ማነው ይሄን የሚገዛ?" አልኩት።

"እውነቱን ማወቅ የሚፈልግ።"

በማግስቱ ተሸጠ። እኔ ምን ልበል።

ከዚያ ወዲያ ማቆሚያ አልነበረውም። ዝውውር የደረሰው አስተማሪ አልጋውን ያመጣል፤ በሠርጓ ሦስት ብርጭቆ ስብስብ የተሰጣት ሙሽራ ሁለቱን ታመጣለች፤ ልጆቹ አዲስ አበባ የወሰዱት ሽማግሌ ቤቱን ሙሉ ይሰጠዋል። ሽባባው ይገዛል፣ ፎቶ ያነሣል፣ ጉድለቱን ይጽፋል። "ቴሌቪዥን። ድምፅ አለው፣ ምስል የለውም። ሬዲዮ ለሌለው ሰው ይሆናል።" "ፍራሽ። መሀሉ ላይ ያለው የሻይ ነው፤ ሻጩ እንደሚለው።" ሰው መጀመሪያ ሊስቅበት ነበር የሚከታተለው። እየሳቀ ገዛ። ሌሎቹ ሻጮች መቼ እውነት እንደሚናገሩ ስለማይታወቅ ይሆናል።

አንድ ጊዜ የአልጋ ፎቶ ሲያነሣ እኔ ከኋላ መጥረጊያ ይዤ ጎንበስ ብያለሁ። እንዳለሁ ለቀቀው። አንዱ ሥራ ፈት ከሥሩ "ሴትዮዋም አብራ ናት?" ብሎ ጻፈ። ሽባባው መነጽሩን አስተካክሎ መለሰ፦ "አይደለችም። ባለቤቴ ናት። አልጋው ግን አለ።"

"ባለችበት ሁኔታ አለማለትህም አንድ ነገር ነው" አልኩት። አልሳቀም። ሊጨምርበት ሲያስብ አየሁት።

ሌላ ቀን ከገበያ ስመለስ ሽሮ የምነፋበት በርጩማ የለም።

"ተሸጠ?"

"ጥሩ ሰው ነው የወሰደው።"

"እኔስ የት ልቀመጥ?"

"ሌላ ገብቷል። እስኪሸጥ እሱ ላይ ተቀመጪ።"

እንዲህ ነው የምንኖረው። ቤቴ ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ እንግዳ ነው፤ ሳልለምደው ይሄዳል።

እዚህ ላይ ስለ ቅቤው መናገር አለብኝ። እኛ የሰፈር ሴቶች ውጆ የምንለው የቅቤ ማኅበር አለን። ስድስት ነን። በየአሥራ አምስት ቀኑ እሑድ ተሰብስበን እያንዳንዳችን የተስማማነውን ያህል ቅቤ እናመጣለን፤ ይመዘናል፣ በቅመም ይነጠራል፣ አንድ ትልቅ ማድጋ ውስጥ ይጠራቀማል። ማድጋው በየዓመቱ አንዳችን ቤት ይቀመጣል፤ መስቀል ሲደርስ ተከፍቶ እንካፈላለን። ለመስቀል ልጅም፣ ወንድምም፣ አማችም ከያለበት ይገባል፤ ለዚያ ሁሉ ሰው የሚቀርበው ክትፎ በዚያ ቅቤ ነው የሚለወሰው። በእኛ ዘንድ የሴት ባል ቢሰክር ያልፍላታል፤ ጣሪያዋ ቢያፈስም ያልፍላታል። መስቀል ደርሶ ቅቤ ከሌላት ግን እስከሚቀጥለው መስቀል ሲወራባት ይከርማል። የስድስት ቤት ቅቤ አደራ ተሰጥቷት ያጎደለች ሴት ደግሞ ምን እንደምትባል አላውቅም፤ ከእኔ በፊት አልነበረችም።

ያን ዓመት ማድጋው እኔ ጓዳ ነበር፤ ቀዝቃዛ ቦታ ስለሆነ። አፉ በኮባ ተሸፍኖ በቃጫ ታስሯል። ሽባባው ሳሎኑን በወንበር ከሞላ በኋላ ወደ ጓዳው ዞረና ግምጃ ቤት አደረገው። አንድ ቀን ስገባ ማድጋው ሆድ ላይ በነጭ ቀለም "1" ተጽፎበታል።

"ይሄ የሴቶቹ ቅቤ ነው" አልኩት።

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ቁጥር ምን ያደርግለታል?"

"ግምጃ ቤት ውስጥ ቁጥር የሌለው ዕቃ አይቀመጥም። ቀድሞ የገባው ደግሞ እሱ ነው።"

"ይሄ ጓዳዬ ነው።"

"ነበር" አለኝ።

ልከራከር አፌን ከፈትኩና ደከመኝ። ከሽባባው ጋር የምከራከርበት ጉልበት ካለኝ ልብስ አጥብበታለሁ።

እንቁጣጣሽ እንዳለፈ ወልቂጤ ያለ ግሩም የሚባል ሰው ቻናሉ ላይ ጻፈለት። አዲስ የባህል ምግብ ቤት ሊከፍት ነው፤ ለጌጥ የሚሆን የድሮ ሸክላ ይፈልጋል። ሽባባው መስቃን ገጠር ወርዶ ከአንድ ቤት አሮጌ ማድጋ ገዛ፤ ባዶ፣ አፉ ጋ የተሸረፈ። ፎቶውን ለቀቀ፤ ግሩም እወስደዋለሁ አለ። ማድጋው ጓዳዬ ውስጥ ከቅቤው ማድጋ ጎን ተቀመጠና አርባ ሦስት ቁጥር ተጻፈበት። በመጠን ይመሳሰላሉ። የሸክላ ሠሪዋ እጅ አንድ ነው የሚመስለው።

ዕቃው የሚሄድበት ቀን እኔ ለቅሶ ቤት ነበርኩ። ሽባባው ደግሞ ሶፋ ሊያይ ቡኢ ሄዷል። ከቡታጅራ ወልቂጤ ሚኒባስ የሚነዳው ሀቢቡ መጣ፤ ተከራያችን በር ከፈተችለት። ቀጥሎ የሆነውን ሀቢቡ ራሱ ነው የነገረኝ። ጓዳ ገብቶ ቢያይ ማድጋው ሁለት ነው፤ ደወለ።

"ጋሽ ሽባባው፣ ሁለት ማድጋ አለ፤ የቱን ልውሰድ?"

"ቁጥር አላቸው አይደል?"

"አንዱ አንድ ይላል፤ አንዱ አርባ ሦስት።"

"አንድ ቁጥርን። መጀመሪያ የገባ መጀመሪያ ይወጣል።"

"ወላሂ ይከብዳል ጋሼ።"

"የድሮ ሸክላ ነዋ። ያኔ እኮ ከልባቸው ነበር የሚሠሩት።"

ሽባባው ቅቤውን ረስቶት አይደለም። ብትጠይቁት የት እንዳለ፣ የማን እንደሆነ ይነግራችሁ ነበር። አፉ ግን ሠላሳ አራት ዓመት የለመደውን ተናገረ፤ ጭንቅላቱ ኋላ ነው የደረሰው።

እኔ ያወቅኩት በሦስተኛው ቀን ነው። ለመስቀል ጓዳውን ላጸዳ ገብቼ ማድጋውን ገፋ ሳደርገው እንደ ቅርጫት ቀለለኝ። በጣቴ መታ መታ አደረግኩት፤ ባዶ ቤት የሚንኳኳ ይመስላል። ሽባባው ሳሎን የሸጠው ወንበር ላይ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል።

"ሽባባው፣ አንድ ቁጥር የት ሄደ?"

በትዳራችን ዕቃ በቁጥር ጠርቼ አላውቅም፤ ፊቱ በራ። "ወጥቷል" አለኝ በኩራት። ከዚያ ስልኩን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። እኔ አልጮህኩም። መስቀል አሥር ቀን አልቀረውም፤ ለመጮህ ጊዜ አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት በሀቢቡ ሚኒባስ ተነሣን። ቸሃ ላይ ጉሙ መንገዱን ውጦት ሀቢቡ በጡሩምባ ነው የሚነዳው።

"እትዬ ተናኘወርቅ፣ እኔ ከባድ ነው ብዬ ነበር" ይለኛል በየኪሎ ሜትሩ።

ሽባባው ወረቀት አውጥቶ ለግሩም የሚሰጠው ማስታወሻ መጻፍ ጀመረ። "በግምጃ ቤት አያያዝ ላይ በተፈጠረ..." የሚለውን አይቼ ወረቀቱን ቀማሁት።

ወልቂጤ ምግብ ቤቱ በር ላይ ስንደርስ ገና ሳልገባ ሸተተኝ። ከውጆአችን ሴቶች አንጋፋዋ እትዬ ትርሲት ቅቤ ስታነጥር ኮሰረት ታበዛለች፤ ያን ሽታ ዓይኔ ቢታሰርም አልስተውም። ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። በየጠረጴዛው ክትፎ። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ የእኛን መስቀል ይበላል።

ግሩም ወፈር ያለ ሳቂታ ሰው ነው፤ ሽባባውን ሲያይ እጁን በሁለት እጁ ያዘው።

"ጋሼ፣ እርስዎ ዕቃ ሲሸጡ እንዲህ ነው እንዴ? ማድጋ ገዝቼ ሙሉ ቅቤ። ከተማው በሙሉ እኔ ጋ ሆኗል።"

"ማድጋውን እንጂ ቅቤውን አልሸጥንልህም" አልኩት። "ማድጋውም ቢሆን ይሄ አይደለም። ፎቶው ላይ ያለው አፉ የተሸረፈ ነው።"

"እሱስ ገርሞኝ ነበር። ተሽሎት መጣ ብዬ ዝም አልኩ።" ስልኩን አወጣና አነበበልን፤ "'ማድጋ። አፉ ጋ ተሸርፏል። ዕቃው ባለበት ሁኔታ ይሸጣል።' እኔ ያለበትን ሁኔታ ምን አውቅልዎታለሁ ጋሼ?"

ሽባባው ትንሽ አሰበ። "ልክ ነው" አለ። "እንዲህ ብዬ ጽፌያለሁ።"

እግሩን ረገጥኩት። ምንም አልረዳም፤ ሰውዬው በራሱ ላይ ይፈርም ነበር። እነሱን እዚያው ትቼ ቀጥታ ወደ ማድ ቤት ገባሁ።

ማድጋው ምድጃው ጥግ ቆሟል፤ ኮባው ተገልጧል፤ አንዲት ጠና ያለች ወጥ ቤት ጭልፋ ነክራበታለች። የቸሃ ሴት ናት። የእሷ ጉራጊኛና የእኔ ብዙም ስለማይግባቡ በአማርኛ አወራን።

"ይሄን ቅቤ ማን እንዳጠራቀመው ታውቂያለሽ?" አልኳት።

"ማነው? እኔም እንዲህ ያለ ቅቤ ሰው ጨክኖ አይሸጥም ስል ነበር።"

"የውጆ ነው። የስድስት ሴቶች፤ ለመስቀል።"

ጭልፋውን አወጣች። ጫፉን በማድጋው አፍ ላይ አንጠፈጠፈች፤ አንዲት ጠብታ እንዳትቀር። ኮባውን መለሰች፣ በቃጫ አሰረችው፣ እጇን ታጠበች። ከዚያ ግሩም በሩ ላይ ብቅ ሲል "እኔ ይሄን አልነካም" አለችው።

"እንግዳ ተቀምጧል እኮ።"

"ዘይት አለ።"

"ክትፎ በዘይት?"

"እንግዲህ። የውጆ ቅቤ መሆኑን አልነገርከኝም።"

ግሩም እሷን አየ፣ እኔን አየ፣ ማድጋውን አየ። ሳቁ ጠፋ። ድንች የተሞላ ጆንያ ላይ ተቀመጠ።

"እናቴ እዚሁ ቸሃ ናት" አለ። "ለመስቀል መግባቴ ነው። የሴቶች ውጆ ቸርችሮ በላ ከተባልኩ ደጇን አታስረግጠኝም።"

"እኔም እንዳልነግራት ብዬ ነው በሰላም የመጣሁት" አልኩት። እናቱን አላውቃትም። እሱ ግን ይሄን አያውቅም።

ይዘንለት የሄድነውን ባዶ ማድጋ አስቀርቶ የእኛን ራሱ ተሸክሞ ሀቢቡ ሚኒባስ ላይ ጫነው። ውስጡ የቀረው ከግማሽ በታች ነበር። ከተማው ውስጥ ስብሰባ ነበር አሉ፤ የስብሰባ ሰው ደግሞ ክትፎ ላይ አይታማም። ሽባባው በመንገድ ሁሉ ማድጋውን በሁለት ጉልበቱ መሀል አድርጎ ሁለት እጁን አፉ ላይ ጭኖ ነው የመጣው። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ምንም ሕግ አላወራም።

እሑድ ሴቶቹ መጡ። እኔ አንዱንም አልደበቅኩም። እትዬ ትርሲት ኮባውን ፈታች፣ ረጅሙን ማንኪያ ቀጥ አድርጋ አስገባች፣ አወጣች፣ ቅቤው የደረሰበትን አየች። ልጇን ያገባው ሰው ያን ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ለመስቀል ቤቷ ሊገባ ነበር። ማንኪያውን ጠርጋ አስቀመጠችው፤ ብትሰድበኝ በተሻለኝ።

ሽባባው ኮቱን ለብሶ መሀላችን ቆመ። "የተፈጠረውን ክፍተት በተመለከተ፣ የርክክብ ሥርዓቱን..." ብሎ ጀመረ።

"ጋሽ ሽባባው" አለችው ፍቅርአዲስ፤ ከሁላችን ታናሽና ምላሷ የማያርፍ ናት። "ቅቤ ነው የጎደለው። እሱን በአማርኛ ንገረን።"

"አጉድያለሁ" አለ። "ከጡረታዬ እየተቆረጠ..."

"ገንዘብህን ክትፎ ላይ ላፍስሰው?" አለች እትዬ ትርሲት። "የጎደለው ቅቤ ነው፤ ቅቤ ታመጣለህ። እንደ ማናችንም በየአሥራ አምስት ቀኑ እሑድ፣ እስኪሞላ። ገበያ ወርደህ፣ ራስህ መርጠህ። ተናኘወርቅ እንዳትሄድልህ፤ እሷ የራሷን ታመጣለች።"

"ሴቶች መሀል?"

"ምን አለበት?" አለች ፍቅርአዲስ። "ጓዳ ከገባህ ቆይተሃል።"

መስቀል ደረሰ። ስድስት ቤት በግማሽ ቅቤ ዋለ። ከአዲስ አበባ የመጣው ወንድሜ ክትፎውን ቀምሶ "ዘንድሮ መስቀል ጾም ላይ ዋለ እንዴ?" አለ። ሽባባው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በዝርዝር አስረዳው። ወንድሜ እየሳቀ ትን አለው። እኔ አልሳቅኩም። እትዬ ትርሲት ለአማቿ ከጎረቤት ቅቤ ተበድራ አቀረበች፤ በእሷ ዕድሜ ተበድራ አታውቅም። እኔን እስከ ገና ድረስ ከእግዚአብሔር ይመስገን ያለፈ ቃል አልተናገረችኝም።

ሽባባው ግን ቅቤ ገዛ። የቡታጅራ ገበያ ቅቤ ተራ ውስጥ ኮት የለበሰ ሽማግሌ ቁጢጥ ብሎ ሲያሸት ያላየ ሰው የለም። ሻጮቹ ከሩቅ ይጠራሩ ነበር፤ "ጎጃሜው መጣ፣ ቅቤ አሽታችሁ ስጡት" እየተባባሉ። የመጀመሪያ ጊዜ ያመጣውን ፍቅርአዲስ በቢላ ስትሰነጥቀው መሀሉ ሌላ ነው።

"ይሄ ሙዝ ነው ጋሼ።"

"ሻጯ ንጹሕ ነው ብላኝ ነበር።"

"ሁሉ ሰው እንዳንተ ጉድለቱን የሚጽፍ መስሎህ ነው?"

አስመልሰው ሰደዱት። ሁለተኛው ውሃ የበዛበት ነበር፤ እሱንም መለሱት። በሦስተኛው ቢላ በኪሱ ይዞ ሄደ። አሁን ሰንጥቆ፣ በምላሱ ጫፍ ነክቶ፣ በመዳፉ አሽቶ ነው የሚገዛው፤ ሻጮቹም አይጠራሩም።

ጉድለቱን ሞልቶ የጨረሰው በተከታዩ ግንቦት ነው። እትዬ ትርሲት ማንኪያዋን አስገብታ ለካችና "በቃ፣ ሞልቷል። ከዛሬ ወዲያ አትምጣ" አለችው። በሚቀጥለው ስብሰባ ቅቤውን በኮባ ጠቅልሎ መጣ። ፍቅርአዲስ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችለት። እኔ ቢቀርልኝ ደስ ባለኝ። ያለ እሱ የማሳልፈው ሰዓት ያቺ የእሑድ ከሰዓት ብቻ ነበረች።

አሁን ሽባባው ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ቡታጅራ ነው ያለው፤ በስልኩ ያገለገለ ዕቃ ይሸጣል፤ በየአሥራ አምስት ቀኑ እሑድ ከእኛ ጋር ተቀምጦ ቅቤውን ያስመዝናል። የውጆአችን ሰባተኛ አባል ነው። ማድጋው ዘንድሮ እትዬ ትርሲት ቤት ነው።